በሙሾ የተሸፈነ ስም

ጂፓር ኦሙርዛኮቫ ካሜራዋን ማንም ሰው ፊት ስትተክል መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። «ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

ለሚኒስትሩም፣ ለከሰል ጫኙም፣ ትናንት ልጇን ለቀበረችውም ያው ነው። ጥያቄው የሙያ ነው። ሰውየው ስለ ቁርሱ ሲያወራ እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁ ጥርት ብሎ መግባቱን ትለካለች። ስለ ቁርሱ ሲጠየቅ ማንም አይጠነቀቅም፤ ማንም ድምፁን አያሳምርም። ሌሎች ጋዜጠኞች ይህን መልስ ቆርጠው ይጥሉታል። ጂፓር ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዱንም አልጣለችም። ቢሽኬክ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ የወጥ ቤቷ ቁም ሳጥን ከሰሃን ይልቅ ካሴት ይበዛበት ነበር።

አንድ እሑድ ከፍታ አሰማችኝ። ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ «ቁርስ? እኔ ለቁርስ ጊዜ የለኝም፤ አገር ነው የምመራው» ይላል። ቀጭን የሙሽራ ድምፅ፣ «የአማቴን ቁጣ ጠገብኩ» ብላ ትስቃለች። ከዚያ ከሞስኮ ጋር የነበረን ኅብረት የፈረሰበት፣ ፋብሪካዎቹ የተዘጉበት ዓመት ይመጣል። «ሻይ።» «ሻይ ብቻ።» «ከትናንት የተረፈች ዳቦ ነበረች፣ ለልጁ ሰጠሁት።» «ሻይ።» አንድ አገር በቁርሱ ሊታወቅ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ሻዬን ረሳሁት።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ሻዩ ቀዘቀዘብህ እኮ።»

የማወራችሁ ግን ለዚያ ጥያቄ ዓመት ሙሉ መልስ ስለ ከለከለቻት ስለ አንዲት ሴት ነው። ወደዚያ ለመድረስ ከጂፓር አባት መጀመር አለብኝ።

አባቷ ኦሙርዛክ የጋራ እርሻው ፊልም አጫዋች ነበር። በረዶው ቀልጦ ከብቱ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጣ እሱም ማጫወቻውን በአንድ ፈረስ፣ የፊልሙን ጥቅሎች በሌላው ጭኖ ከእረኛ ሰፈር ወደ እረኛ ሰፈር ይዞራል። በሁለት እንጨት መሀል አንሶላ ይወጥራል። አንሶላው የሚስቱ የጥሎሽ አንሶላ ነበረ። እረኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት፣ «ኦሙርዛክ፣ ዘንድሮ ጦርነቱን ማን ያሸንፋል?» እያሉ ይጮሁበታል። «ያው እኛው ነን» ይላቸዋል እሱም፤ «ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላችሁ እዩ።»

አንድ በጋ ፈረሱ ወንዝ መሀል ተንሸራተተና የፊልሙን መካከለኛ ጥቅል ውሃ ወሰደው። ሌላ አጫዋች ቢሆን የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ቀጥሎ ያሳይና ዝም ይላል። ኦሙርዛክ ግን ማሽኑን አቁሞ ብርሃኑን ነጩ አንሶላ ላይ እንደ በራ ተወውና ሰዉ ፊት ቆመ። «መካከለኛው ወንዝ ገብቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጭነቱን አላላሁት» አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ መሀሉ ላይ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገራችሁ ብሎ ጀመረ። ሌላው፣ «ውሸት! ልጅቷ እሱን አታገባም» ብሎ አቋረጠው። እስኪመሽ ተከራከሩ። ጂፓር ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን የበለጠ ጥሩ ፊልም አይቼ አላውቅም ትላለች።

ሞስኮ ሄዳ ካሜራ ተማረች፤ ተመልሳም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተቀጠረች። ትራክተርና ሪባን ሲቆረጥ ስትቀርጽ ኖረች። አገሩ ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላ ሪባኑ ቀረ፤ የሚቆረጠው ሌላ ነገር ሆነ። ሥራዋም ፖለቲካ ሆነ። «እኔ አልሄድኩበትም» ትላለች፤ «የሱፍ ፋብሪካው ለምን ተዘጋ ብዬ ጠየቅሁ፣ ፖለቲካው ራሱ በር ከፍቶ ወጣ።»

ስሟን ያስጠራው የምርጫው ሌሊት ነው። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅ ሲቆጠር እየቀረጸች ሳለ መብራት ጠፋ። ካሜራውን አላጠፋችም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ቀረጸች። በጨለማው ውስጥ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ሣጥን ወለል ላይ ይጎተታል፤ አንዱ ያስላል፤ ሌላው፣ «ፍጠን እንጂ አንተ፣ ጓንትህን አውልቅ» ይላል። መብራት ሲመጣ የአንደኛው ተወዳዳሪ የወረቀት ክምር አብጦ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ቴፑን አይቶ ሳቀባት። «ጨለማ ማን ያያል፣ ጂፓር?»

«የሚሰማ ሰው ያያል።»

ከሥራ ወጣች። ቴፑ ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ኦሽ በሚባለው የቢሽኬክ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ «የጨለማዋ ሴትዮ መጣች» እያሉ ይጠቋቆሙባት ጀመር። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች። ቀጣዩን ስትነግረኝ ግን አትስቅም። ቴፑን የሚቀማ ሰው መንገድ ላይ ይጠብቃት ስለነበር እዚያው መንደር አንድ ቤተሰብ ጋ ሁለት ቀን ተደበቀች። በእነዚያ ሁለት ቀናት አባቷ በሚኖርበት ናሪን ውስጥ ሞተ። ቴሌግራሙ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ስትደርስ ኦሙርዛክ ተቀብሮ፣ የለቅሶው ድንኳን ፈርሶ፣ የድንኳኑ ክብ ሣሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

የእኛን ለቅሶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞት በግቢው ውስጥ የበግ ጠጉር ድንኳን ይተከላል። ወንዶች ውጭ በዱላ ተደግፈው ቆመው ያለቅሳሉ። ሴቶች ውስጥ ጀርባቸውን ለበሩ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ሙሾ ያወርዳሉ። ሴት ልጅ አባቷን በሙሾ ካልሸኘች፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሜዳ ላይ ቆማ ብታለቅስ ልቅሶ ነው እንጂ ሙሾ አይደለም። አክስቷ ቢጫውን ክብ እያየች፣ «እንግዲህ ሙሾሽ ጉሮሮሽ ላይ ቀረ» አለቻት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። ጂፓር በዚያ ዓመት ሦስት ፊልም ሠራች።

ሳሪ-ቶቦ የደረሰችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ከበላዩ የወርቅ ማዕድን ማውጫ አለ። ጅረቱ ቀለሙን ለወጠ፤ በጎች መጨንገፍ ጀመሩ፤ ሰዉ ወጥቶ የማዕድኑን መኪኖች መንገድ ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ጥይት ተተኮሰ። የሞተው ኡላን የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። አጣሪዎች መጥተው ጻፉ፦ ጥይቱ የመጣው ከሰልፈኞቹ ከራሳቸው መሀል ነው፤ ተኳሹም ታሽቴሚር ነው። ታሽቴሚር የመንደሩ የመስኖ ውሃ አከፋፋይ ነበር፤ በዕድሜው ከአካፋ በቀር ሌላ ነገር ይዞ ያየው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት።

ጂፓር ፊልሟን የጀመረችው ይህን ለማፍረስ ነው። መንደሩ ሁሉ ታሽቴሚር እንዳልተኮሰ ይናገራል፤ ማን እንደ ተኮሰ ግን ማንም አይናገርም። ከቅርብ ሆና ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለሰልፈኞቹ ዳቦ ይዛ የወጣች የኡላን እናት፣ ባትማ።

ባትማ የመጀመሪያ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀበለቻት። ዕድሜዋ ወደ ሰባ ይጠጋል፤ እስከ ቅንድቧ የወረደ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ጂፓር ማይክሮፎኑን ከፍ አድርጋ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«አፓ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?» አፓ እናት ለሚሆኑን ሴቶች የምንለው ነው።

ባትማ ማይክሮፎኑን፣ ቀጥላም ጂፓርን አየች።

«ሂጂ፣ ልጄ። ለቁርሱ ከመለስኩልሽ ለሌላውም እመልሳለሁ።»

በር ላይ ግን አላስቀረቻትም። ጂፓር ገብታ ሻይ ጠጣች፣ በሚቀጥለው ወርም ጠጣች፤ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ። በዓመቱ ውስጥ ሰባት ጊዜ ሄደች። ባትማ ስለ በጎቿ፣ ስለ ጉልበቷ፣ የኡላን ጫማ ቁጥር አርባ አራት ስለ መሆኑ ታወራለች። ስለዚያ ቀን ሲነሣ፣ «አይኔ ደካማ ነው» ትላለች። ከግቢው ሆና የጎረቤቷን በግ በጆሮው ምልክት የምትለይ ሴት!

የታሽቴሚር ሚስት ሶኑን በሁለት ቤት ርቀት ትኖራለች። ሁለቱ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ አንዷ የሌላዋን ባልዲ ታነሣለች፤ አይነጋገሩም።

ባትማ የማትናገርበትን ምክንያት ለጂፓር የነገራት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው፤ እሱም በጎን፣ ፈረስ እያጠበ። «የማዕድኑን ዘበኞች አለቃ ታውቂዋለሽ አይደል፣ ኤጄ? ኩባትን?» ታላቅ እህት የምትሆነንን ሴት ኤጄ ነው የምንላት። «የዚሁ መንደር ልጅ ነው። እናቱ በወሊድ ሞታ ባትማ ናት ያጠባችው፣ ከትልቋ ልጇ ጋር። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የጡት ልጇ ነው።» ከዚያ ፈረሱን መታ አድርጎ፣ «እኔ ምንም አላልኩም» አለ።

ጂፓር ኩባትን ቀርጻዋለች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ትሑት፣ ሽማግሌ ሲያልፍ ሲጋራውን የሚደብቅ ሰው ነው። ቴፑን ሰምቼዋለሁ።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«ቁርስ ካቆምኩ ቆየሁ፣ ኤጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከዚህ በኋላ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ኋላ ላይ፣ «ስትወርጂ መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» ይላታል።

ኡላን የሞተበት ዓመት ሲሞላ ተዝካሩ ሆነ። በዚያን ቀን ድንኳኑ እንደገና ይተከላል፤ እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሙሾ ታወርዳለች፤ ከዚያ ጥቁሯን ታወልቃለች፤ ሙሾውም ያከትማል። ሙሾ ደግሞ ሕግ አለው። አልቃሽ ያለችውን ማንም አያቋርጣትም፣ ማንም አይመልስላትም፣ ማንም በነገር አይይዛትም፤ የምትናገረው ለሟቹ እንጂ ለሕያው አይደለምና። ስምህን ብትጠራም ዱላህን ተደግፈህ ቆመህ ትሰማለህ። የተባለው ሙሾ ዳግመኛ አይባልም፤ ያለ ሬሳ ሙሾ መድገም ሌላ ሞት መጥራት ነው።

ጂፓር ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከሦስት ቀን በፊት ሄዳ ለባትማ ነገረቻት። «አፓ፣ ካሜራ አላስገባም። ድምፁን ብቻ ልውሰድ?»

ባትማ ሊጥ እያቦካች ነበር። ለረጅም ጊዜ አቦካች። «ውሰጂ። ኡላን ከመንደሩ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሙ እንኳ አገር ይይ።» ቀና ብላም ጨመረች፦ «ግን ድንኳኔ ገብተሽ እንደ አቃቤ ሕግ እንዳትቀመጪብኝ።»

በተዝካሩ ቀን ፈረስ ታረደ፤ ትልልቅ ድስቶች በግቢው ዙሪያ ተጣዱ። ኩባት ነጭ ወጠጤ እየሳበ መጣና ከወንዶቹ ጋር ተሰልፎ በዱላው ተደገፈ። ጂፓር ጥቁር ሻሽ አስራ፣ መቅረጫውን በቀሚሷ እጥፋት ይዛ፣ ትንሿን ማይክሮፎን ደረቷ ላይ ሰክታ ገባች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አላደረገችም፤ ነውር ነው። ባትማ አጠገብ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ባትማ ጀመረች።

«ኡላን የኔ ተራራ፣ ጀርባዬን ምን ላስደግፈው፣
ደጄን በረዶ ዘጋው፣ ማን አካፋ ይዞ ይግፈፈው።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ጂፓር የመቅረጫዋን ቀይ ነጥብ በእጥፋቱ ውስጥ ታየዋለች፤ ዝም ብላለች። ሠላሳ ዓመት ዝም ብላ ሠርታለች፤ ከካሜራ ጀርባ ያለ ሰው ካሳለ እንኳ ቴፕ ይበላሻል። ከጎኗ ያለችው አሮጊት በክርን ጎሸመቻት።

«አንቺ! የሰው ድንኳን ገብቶ አፍ መዝጋት ምንድን ነው? ሙት የለሽም?»

«እኔ ሥራ ላይ...»

«አባትሽ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ግድግዳው አይበላሽም!»

እንዴት እንደ ጀመረች አታስታውሰውም። የምታስታውሰው የድንኳኑን የጠጉር ሽታና አባቷ ከላይኛው ግጦሽ ሲመለስ ኮቱ ይሸት የነበረውን ሽታ ብቻ ነው፤ አንድ ነበሩ። አፏን ስትከፍት ሃያ ዓመት ጉሮሮዋ ላይ የተቀመጠው ወጣ።

«አባዬ ብርሃን ጭነህ የዞርክ በየተራራ፣
ያንተ ፋኖስ ሲጠፋ እኔ የሰው ቤት ሳበራ...»

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ሙት፣ አብረው አወረዱ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ድንኳን ውስጥ የሁሉም ሙት ይለቀሳል። ጂፓር ስትጨርስ ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ አይተያዩም። አሮጊቷ እጇን ያዘቻት።

«ሰማሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

አሮጊቷ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ወይ ጉድ። አልሰማሽም? ስሙን ጠራችው እኮ።»

በድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ሃያ ሴቶች ያልሰማችው ጂፓር ብቻ ነበረች።

ወደ ውጭ ስትወጣ ሥጋው ለየሰዉ በየማዕረጉ እየታደለ ነበር። አንድ የትከሻ አጥንት ትሪ ላይ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል፤ ወጠጤው ታስሯል፤ ኩባት የለም። ከተዝካር ድርሻውን ሳይበላ የሚሄድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ጂፓርም ገባት። ግምት ግን ፊልም አይሆንም። ታሽቴሚርንም ከእስር አያስወጣም።

ቢሽኬክ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ቴፑን ከፈተች። ማይክሮፎኑ የተሰካው ደረቷ ላይ ነበር። የባትማ ድምፅ ከጎን፣ ከሩቅ ይመጣል፤ «በወተቴ ያሳደግሁት» ካለች በኋላ የጂፓር የራሷ ድምፅ እንደ ጎርፍ ይደርስና ቀጣዩን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አባዬ፣ አባዬ። ከሥሩ ባትማ አንድ ነገር ትላለች። ሁለት ቃል ይሆናል።

ጓደኛዋ ቫለሪ የድምፅ ባለሙያ ነው። ሦስት ሳምንት ታገለው። በመጨረሻ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ «የሚለቀሰው በአንድ ድምፅ ከፍታ ነው፤ ምኑን ከምኑ ልለየው?» አላት። «ያንቺን ላጠፋው እችላለሁ። ግን እሷም አብራሽ ትጠፋለች።»

«ሌላ መሣሪያ የለም?»

«አለ። አለማልቀስ።» ከዚያ አፈረና ሻይ ሊያፈላ ተነሣ።

መንደሩ ድረስ ተመልሳ ሄደች። አሮጊቷም፣ ፈረስ አጣቢው ጥበቃም፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚመልሱት፦ «ሙሾ አይደገምም።» ባትማን ልትጠይቃት ደጃፏ ድረስ ደረሰች። ባትማ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ሻሽ አስራ ነበር። ጂፓር አልጠየቀቻትም። ሶኑን ከጓሮ አጥሩ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። «በቃ አለቀ ማለት ነው?» አለቻት ኋላ፣ መኪናው ጋ ተከትላት። «አንቺም እንደ ሌሎቹ ቀርጸሽ ሄድሽ?» ጂፓር መኪናዋን አስነሣች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ብዙ የሙያ ጓደኞቿ እስከ ዛሬ ይነቅፉባታል። ድምፁን አልጣለችውም፤ አላሳመረችውምም። በፊልሙ ማለቂያ አራት ደቂቃ ጥቁር ማያ አደረገች። ምስል የለም። ሁለት ሴቶች ያለቅሳሉ። ስሙ በተጠራበት ቦታ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል፦ «እዚህ ላይ የገዳዩ ስም ተጠርቷል። የሸፈነው የኔ የጂፓር ድምፅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ራስሽን በገዛ ፊልምሽ ውስጥ ገደልሽው» አላት አንድ የፊልም ሰው። «ማን ይጽፋል እንዲህ ያለ ነገር?»

«አባቴ» አለችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

መጀመሪያ ያሳየችው ቢሽኬክ ውስጥ አልነበረም። ድንቹ ከተለቀመ በኋላ ሳሪ-ቶቦ ይዛው ሄደች። የትምህርት ቤቱን የስፖርት አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋረዱ፤ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ጂፓር ከቦርሳዋ አንሶላ አውጥታ በቅርጫት ኳሱ ምሰሶዎች መሀል ወጠረች። የእናቷ የጥሎሽ አንሶላ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ የሻማ ጠባሳ አለው። መንደሩ ሁሉ መጣ። ኩባት አልመጣም። ባትማ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሶኑን በዚያው ረድፍ፣ አራት ወንበር አልፋ።

ፊልሙ ሲጀምር ሰዉ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ራሱን ሲያይ ይስቃል፤ «አይ አፍንጫህ!» ይባባላል፤ ፈረስ አጣቢው ሲታይ ፈረሱ ነው የተጨበጨበለት። ኡላን በስልክ ከተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ሲጨፍር ሲታይ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ጨለማው መጣ።

አራት ደቂቃ በጨለማ ውስጥ ረጅም ነው። ሁለቱ ድምፆች ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ። ጽሑፉ ወጣ። ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ድምፁ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያ ስም በሁሉም አፍ ውስጥ ነበረ፤ ከጥርስ ጀርባ።

«መብራት አብሩ» አለ አንድ ድምፅ።

ባትማ ቆማ ነበር። ወደ ሰዉ አልዞረችም፤ ጂፓር ወዳለችበት፣ ማጫወቻው ጋ ሄደች። እየሄደች አራተኛው ወንበር ጋ ስትደርስ ቆም አለችና የሶኑንን ትከሻ በመዳፏ ነካች።

«ያንን ጽሑፍ ማነው ጻፊ ያለሽ?» አለች ጂፓርን።

«ማንም፣ አፓ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጽፈሽ በአደባባይ ሰቀልሽ?»

«አዎ።»

ባትማ ራሷን ነቀነቀች። «ካሜራሽ የት አለ?»

ቦርሳው ውስጥ ነበር። የጂፓር እጅ ወደ ቦርሳው ሄዶ ዚፑ ላይ ቆመ። «አፓ፣ ሙሾ አይደገምም። እኔ አልጠይቅዎትም።»

«ሙሾው የልጄ ነበር። ሰጥቼዋለሁ፣ ወስዶታል። ይሄ ግን ሙሾ አይደለም፤ ነገር ነው። ነገር ደግሞ ለሕያው ነው። አውጪው።» ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ነጭ ሻሿን አስተካከለች። «ታያለሽ እንዴ? በዚህ በኩል መብራት ይበቃል?»

ይህን ቴፕ አይቼዋለሁ። መጀመሪያው ላይ የምስሉ ትኩረት ይፈዝና ይመለሳል። ከኋላ ሶኑን ቆማ ትታያለች፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋለች። ጂፓር ጥያቄዋን ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት የትንፋሿ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ባትማ አልጠበቀቻትም።

«ዛሬ ጠዋት» አለች ቀስ ብላ፣ ማይክሮፎኑን እያየች፣ «ዳቦና ሻይ ነው የበላሁት። ቅቤም ነበረ፤ ሶኑን የላከችልኝ። ድምፄ ይሰማል?»

«ይሰማል፣ አፓ።»

«ጥሩ። አንቺ እንግዲህ አሁን ዝም በይ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ኩባት ይባላል። አሥራ አንድ ወር ጡቴን ጠብቷል። የተኮሰው እሱ ነው፤ በነዚህ አይኖቼ አይቻለሁ።»